በከፊል የተፈቀደ ሰነድ

የሳዑዲ ዐረቢያን ምሥራቃዊ አውራጃ ሐበሻ ስለ ሰነድ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ደማም የከረመ፣ ኮበር ያደረ ሰው ሰነድ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ሰነዱ የተስተካከለለት በባሕሩ ዳር መንገድ፣ በኮርኒሹ ላይ፣ ደረቱን ነፍቶ ይንሸራሸራል፤ ያልተስተካከለለት ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ያዘግማል። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ያን ሰነድ አይደለም። የማወራው ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለሚጽፉበት፣ በኢንተርኔት ላይ በጋራ ስለሚከፈተው ነጭ ገጽ ነው። ማኅተም የለውም፣ ቴምብር የለውም፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

በዚህ ነጭ ገጽ የሚገባ ሁሉ ማዕረግ አለው። ተመልካች ያያል፤ አይነካም። አስተያየት ሰጪ ይናገራል፤ አይለውጥም። አርታዒ ከጧት እስከ ማታ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ያቃናል፤ ልፋቱ ሁሉ የሱ ነው። ከሁሉም በላይ ባለቤት አለ። አንድ ቃል ባይጽፍም ሰነዱ የሱ ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው ከሱ ዘንድ ነው። ባለቤትነት በልፋት አይገኝም፤ ገጹን ቀድሞ በመክፈት ነው። ይህን ሥርዓት ያወጣው ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያ ነው ብላቸው አንዳንድ ወላጆች አላመኑኝም። የዚሁ አካባቢ የከፊል፣ የአሠሪው ዋስ፣ ሥርዓት መስሏቸው ኖሯል።

ተመልካችነት ምን ማለት እንደሆነ ለልጆች ማስረዳት ሲያቅተኝ የንጉሥ ፋህድን ድልድይ አሳያቸዋለሁ። ከኮበር ተነሥቶ ባሕሬን የሚደርስ፣ 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የተከፈተ ድንቅ ሥራ ነው። ከዳርቻው ቆሞ ማየት ለሁሉም ተፈቅዷል፤ ፎቶም ይነሡበታል። ለመሻገር ግን «ፈቃድ ጠይቅ» የሚለውን መንካት ያስፈልጋል፤ ጥያቄውም ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ልጆቹ ወዲያው ይገባቸዋል።

ነገሩ ወደ ቤታችን የገባው በኮሮና ወረርሽኝ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2020 ከደማም በስተ ሰሜን ያለችው ቀጢፍ መግቢያና መውጫዋ ተዘጋ፤ በማግሥቱ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። በዚያው ዓመት ኦገስት 30 አዲሱ የትምህርት ዘመን ሲጀምር መንግሥት ከማይክሮሶፍት ቲምስ ጋር የተጣመረውን «መድረሰቲ» የተባለ መድረክ አቀረበ። የሕንድና የአሜሪካ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምሩት የግል ትምህርት ቤቶችም ገሚሱ ቲምስን፣ ገሚሱ ጎግል ክላስሩምን ይዘው መጡ። በሩ ሲዘጋ መስኮት ተከፈተ። በሩ ከተከፈተ በኋላም መስኮቱን ልዝጋ ያለ የለም፤ ብርሃን ያስገባል ተብሎ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መምህሩ የቤት ሥራ ሲሰጥ «ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቅጂ» የሚል ምርጫ አለው። እሱን ከነካ ለሠላሳ ልጅ ሠላሳ ገጽ ይታደላል። ልጁ የራሱን ገጽ አገኘሁ ብሎ መጻፍ ይጀምራል። መምህሩም፣ ልጁ ገና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እያማጠ ሳለ፣ ሳያስረክብ፣ ገብቶ ሊያነብ ይችላል። በቲምስም እንዲሁ ነው። ዋንኖት በሚባለው የክፍል ደብተር ደግሞ ለእያንዳንዱ ተማሪ የግሉ የሆነ ክፍል ተለይቶለታል። የግል የተባለው ከጓደኞቹ ነው፤ መምህሩ የሁሉንም ያያል። ስለዚህ ልጃችን ምስጢር የለውም የሚሉ ሰዎች አጋንነዋል። ምስጢሩ አለ፤ በከፊል እጅ ነው።

አንድ ወዳጄ ከልጁ ጋር ያደረገውን ጭውውት እንዲህ ሲል አጫወተኝ።

«አባዬ፣ ሳላስረክብ ቲቸር እንዴት አነበበችው?»

«ገጹን ያበጀችልህ እሷ ናታ።»

«የጻፍኩት እኔ አይደለሁ?»

«አንተማ የምትሠራበት ነህ።»

«እኔስ እሷ ስትገባ አያታለሁ?»

እዚህ ላይ አባት ትክክለኛውን ነገር ነው የነገረው። መምህርቷ አብራው ገጹ ላይ ካለች ስሟን የያዘ ባለ ቀለም ጠቋሚ ይታያል። እሱ በተኛበት ሰዓት ከገባች ግን ገጹ ላይ ዱካ አይቀርም። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ ሳቀ። «ጠቋሚ ሁሉ እንዲህ ስሙን ጽፎ፣ ቀለም ተቀብቶ ቢመጣ ምን ነበረበት!» አለኝ። ስለ ምን እንደሚያወራ አልጠየቅሁትም፤ ስለ ኮምፒውተር መሆኑ ግልጽ ነው።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የለውጥ ታሪክ የሚሉት ነው። ልጁ የጻፈውን ያስቀምጣል፤ የሰረዘውንም አይጥልም። ከላይ «አባቴ ጀግናዬ ነው» የሚል ንጹሕ ዓረፍተ ነገር አለ። ከሥሩ «አባቴን የማየው ዓርብ ዓርብ ነው» የሚል የተሰረዘ ተኝቷል። ድራፍትባክ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ይህን ታሪክ ወስዶ ጽሑፉ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ እንዴት እንደተጻፈ፣ የት እንደቆመ፣ ምን እንደተሰረዘ እንደ ፊልም ያሳያል። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ታሪኩ ማስረጃ ሆኗል። የለፋ ልጅ መልፋቱ የሚታወቀው በስሕተቱ ነው፤ ሳይሳሳት የጻፈ ይጠረጠራል። ቤቱ በወረቀት ላይ ጽፎ፣ አስቦ፣ ቀድዶ፣ እንደገና ጽፎ የመጨረሻውን ብቻ አምጥቶ የሚለጥፍ ልጅማ ከሁሉ በላይ ያሳስባል፤ ማንም ሳያየው አስቧልና። ማሰብ የተከለከለ አይደለም። በሚታይበት ቦታ ይሁን ነው የተባለው።

ከሥር የተኛ ነገር ካነሣን፣ ዳህራን ላይ ሰባተኛው የነዳጅ ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በማርች 1938 ነዳጁን የሰጠው ከ1,400 ሜትር በላይ ከተቆፈረ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የዚህ አካባቢ ሰው ከሥር ያለውን ነገር አይንቅም። ከሥር ያለው ደግሞ የቆፋሪው ሳይሆን የባለ መሬቱ መሆኑን ማንም አይጠይቅም።

አሁን አንድ የሠፈር ወሬ ላውጋ። አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን ተዉት፣ የተማሪዎቹን ፋይል ለማደስ ፈለገ። ለእያንዳንዱ ወላጅ ቅጽ ከመላክ አንድ ሰንጠረዥ ከፍቶ ሊንኩን በዋትሳፕ በተነው። የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ቁጥር፣ በኢቃማ ላይ የተጻፈ ሙያ፣ የአሠሪ ስም፣ ስልክ። ሁሉም በአንድ ገጽ፤ ሁሉም እንዲሞላ፤ ስለዚህ ሁሉም እንዲያይ። በዚያች ማታ ከኮበሩ ቱቅባ ሠፈር እስከ ደማሙ ሲኮ መብራት ያጠፋ ቤት አልነበረም። ቀን ከሌት መኪና ሲነዳ የምናውቀው ሰው የግብርና መሐንዲስ ሆኖ ተገኘ። እኛ ሒሳብ ሠራተኛ የምንለው፣ እንጀራውንም በሒሳብ የሚበላው፣ የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ነው። በእድር ስብሰባ ላይ «እኔ እንደ ሥራ አስኪያጅነቴ» ሳይል ንግግር የማይጀምር አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ ሙያ በሚለው ሳጥን ውስጥ አንድ ነጥብ ብቻ አኑሮ ወጣ። ነጥቧም ብዙ ተነበበች።

ማንም ለማንም ምንም አላለም። ዓርብ ስንገናኝ ሁላችንም ስለ ሙቀቱ አወራን። መሐንዲሱን ስለ አዝመራው የጠየቀው አልነበረም። እንዲህ ያለ ጨዋነት በሌላ ማኅበረሰብ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ እያንዳንዱ የሌላውን ሳጥን አይቷል፣ የራሱም መታየቱን ያውቃል።

ሊንኩ የደረሰው ሁሉ በስም ሳይመዘገብ መግባት ይችል ነበርና ከገጹ አናት ላይ እንግዶች ብቅ ብቅ አሉ። ጎግል ስማቸውን ለማያውቃቸው ገቢዎች የእንስሳ ስም ይሰጣል፤ ስም የለሽ ግመል፣ ስም የለሽ ቀበሮ፣ ስም የለሽ እስስት። ሌሊቱ ሲገፋ ስም የለሽ ጅብ መጣ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው በእኛ ዘንድ ነው፤ ይህኛው ቁርበት አልጠየቀም፤ ከሳጥን ሳጥን እየተዘዋወረ ቆየ። አንዲት እናት በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄዱ።

«ጅቡ ማን ነው?»

«ስም የለሽ ነው። ማንም አይደለም፤ አይጨነቁ።»

«ማንም ካልሆነ የባሌ ሙያ ላይ ቆሞ ምን ይሠራል?»

ጸሐፊዋ ጉዳዩን ለሚመለከተው አሳውቃለሁ አለች። በሣልስቱ ሊንኩ ተዘጋ። ትምህርት ቤቱም «የእናንተ ምስጢር ለእኛ ቅድሚያ ነው» የሚል መልእክት ላከ፤ በዚያው በዋትሳፕ፣ ለሁላችንም በአንድ ላይ።

ስለ ቀዩ ቃልም ማንሣት አለብኝ። የማስረከቢያው ቀን ካለፈ ክላስሩም ላይ ከልጁ ስም ትይዩ በቀይ ቀለም «የጠፋ» የሚል ይጻፋል። የጠፋው የቤት ሥራው ነው እንጂ ልጁ አይደለም ብትሉ ልክ ናችሁ፤ የሚነበበው ግን ከስሙ ጋር ነው። ልጁ ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ እጁን አውጥቶ፣ አለሁ እያለ፣ መዝገቡ የጠፋ ይለዋል። አንዱ ታሞ ነው። አንዱ ኢንተርኔት ተቋርጦበት ነው። አንዱ ሥራውን ጨርሶ፣ ሁሉን አስተካክሎ፣ የመጨረሻዋን አዝራር ሳይነካ ቀርቶ ነው። ቀዩ ቃል ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም። ምልክቱ የሚነሣው ወይ ልጁ ሲያስረክብ፣ ወይ መምህሩ ራሱ ሲያነሣለት ነው። ይህን ቱቅባ ላይ ለተሰበሰቡ ወላጆች ሳስረዳ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ ሳወራ እንዲህ ፈጥኖ የገባው ጉባኤ አይቼ አላውቅም። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት፣ ልጅ የሌላት፣ ለቡናው የመጣች፣ «ወንድሜ፣ ሳይጠፋ የጠፋ የተባለስ ለማን ይናገራል?» አለችኝ። ለመምህሩ ነው እህቴ አልኳት። «መዝገቡ እኮ የመምህሩ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ሲስተሙ እንዲያ ነው የተሠራው።

ልጁ ሲያስረክብ ደግሞ አርታዒነቱ ይነሣል፤ ባለቤትነቱም ወደ መምህሩ ይዞራል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የራሱን ጽሑፍ ያያል እንጂ አይነካም። ማስረከቡን ራሱ ካልሰረዘ በቀር መምህሩ እስኪመልስለት ይጠብቃል። መምህሩ የፈለገ እንደሆነ አንድ በአንድ እያየ ይመልሳል፤ የቸኮለ እንደሆነ ሁሉንም መርጦ አንድ ጊዜ ይነካል፤ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ሌሊት ተመላሽ ይሆናል። ስንት እንደተመለሰ ቁጥሩ ወዲያው ይታያል፤ ለዚህ ሲስተሙን ማመስገን ይገባል። ተመላሾቹ ምን ጽፈው እንደነበር የሚያነብ እንደሆነ ጊዜ ይፈልጋል።

ሰነድን ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ማዛወርም ይቻላል። ያለው ባለቤት ይጠይቃል፣ አዲሱ ባለቤት ይቀበላል፤ ሁለቱ ከተስማሙ አለቀ። ገጹ ላይ ሲጽፍ የኖረው በዝውውሩ ውስጥ የሚነካው አዝራር የለም፤ ይህም ሥራው እንዳይስተጓጎል ይረዳዋል።

ሕግ የለም እንዳትሉ። እዚህ አገር የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቶ፣ ተሻሽሎ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2023 በሥራ ላይ ውሏል። ድርጅቶች ራሳቸውን የሚያስተካክሉበት የአንድ ዓመት እፎይታ አልፎ ከሴፕቴምበር 14 ቀን 2024 ወዲህ ያስጠይቃል። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን የማወቅ፣ ቅጂውን የማግኘት፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ ያለፈበትን የማስወገድ መብት አለው። አገር ቤትም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሁለቱም ያማሩ ሕጎች ናቸው። ልጆቻችን ሁለት ዘበኛ ባለው ግቢ እንደሚያድጉ ቁጠሩት፤ ዘበኞቹ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረው መቆማቸው ጥንቃቄያቸውን ያሳያል።

ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ፈቃድ የሚሰጠው ሕጋዊ አሳዳጊው ነው። ይህም ተገቢ ነው። ወላጅ ለልጁ ይፈርማል፤ ለወላጁም የሚፈርምለት አለ። ሰው ሸብቶም አሳዳጊ የማያጣበት አገር ብርቅ ነው።

ዓለምም ቢሆን በዚህ ነገር ሲጨነቅ አይተናል። ዴንማርክ ውስጥ ሄልሲንገር በምትባል ከተማ አንድ አባት የልጁ ሙሉ ስም ትምህርት ቤቱ በከፈተለት አካውንት በኩል ዩቲዩብ ላይ ወጣ ብሎ አቤት አለ። ጉዳዩ እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የከተማዋ ትምህርት ቤቶች በጎግል እንዳይጠቀሙ ለጊዜው አገደ። ይህን ለአንድ ጎረቤቴ ስነግረው ጽዋውን አስቀመጠ።

«ሰውየውስ?»

«አቤት አለ፣ ተሰማለት።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ» አለኝ።

ማሻሻያ ይመጣል የሚሉ አሉ፤ እኔም አምናለሁ። ብቻ ማሻሻያ ለሁሉም አካውንት እኩል አይደርስም፤ የቴክኖሎጂ ጠባይ ነው። ለምሳሌ ያህል እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2021 አንድ ትልቅ ማሻሻያ ተለቅቆ ነበር። መውጫ የምትለዋ አዝራር ለብዙዎች ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ትሠራ ጀመር፤ ለባለቤቱ መልእክት ብቻ ይደርሰዋል። የቤት ሠራተኛ፣ የግል ሹፌር፣ የቤት ጥበቃ፣ አትክልተኛ፣ ገበሬና እረኛ በአሮጌው ገጽ ላይ ቆዩ። አሮጌው ገጽ ለለመደው ሰው ምቹ ነው ይባላል፤ የሚሉት በአዲሱ የሚጠቀሙት ናቸው። ከርእሴ ወጣሁ መሰለኝ፤ ወደ ልጆቹ ልመለስ።

የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ትምህርት ቤት የሚቀይር፣ ጠቅልሎ አገሩ የሚገባ ልጅ አይጠፋም። ሲለቅ በትምህርት ቤቱ ስም የተከፈተለት አካውንት ይዘጋል፤ ስንት ዓመት የጻፈው እዚያው ይቀራል። ድርሰቱም፣ ሥዕሉም፣ የተሰረዘውም። ልጆች ይህን የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያ ከደረሱ በኋላ ነው፤ የይለፍ ቃላቸውን ሲያስገቡ «ይህ አካውንት አይታወቅም» ሲላቸው። ስለዚህ ወላጆች፣ በተለይ ዘንድሮ አዲስ የገባችሁ፣ ምክሬን ስሙኝ። ጎግል ቴክአውት የሚባል አገልግሎት አለ፤ ትምህርት ቤቱ ከፈቀደ የልጁን ሁሉ ነገር አውርዶ ይሰጣል። መውጫው ሲቃረብ ሳይሆን በገባችሁበት ሳምንት፣ ሁሉም ፈገግ እያለ ሳለ፣ ኮፒ አድርጉ። ሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ ከራሳችሁ አይለይ፣ ሌላውን ለአገር ቤት ዘመድ ላኩ። ስልካችሁ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት፤ ስልክም ይያዛል። ስለ ኦሪጅናሉ ግን አታስቡ፤ ባለቤቱ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ በክብር ያስቀምጠዋል።